«ለመድኩት» አትበሉኝ! ስለ ጩኸትና ስለ ጆሯችን የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ወር «ስለ ጩኸትና ስለ ጆሮ የሚያሳስባችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁልኝ። ሁሉንም አነበብኩት፣ አንዳንዱንም ሁለቴ። ሥራችሁ የተለያየ ነው፣ ዕድሜያችሁም እንዲሁ፣ አንድ ቃል ግን ከደብዳቤ ደብዳቤ እየተከተለኝ መጣ፦ «ለመድኩት»። ማሽኑን ለመድኩት፣ ኤርፎኑን ለመድኩት፣ ጄነሬተሩን ለመድኩት። ሥራዬ የመስማት ምርመራ ነው። ምርመራ ክፍሌ ገብቶ «ኧረ ምንም አይለኝም፣ ለምጄዋለሁ» የሚለኝን ሰው ያህል የሚያስጨንቀኝ የለም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር እናየዋለን። እሱ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ የብዙዎቻችሁ መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ስላለ።

ጥያቄ፦ እንጨት ቤት ነው የምሠራው። መሰንጠቂያውና መላጊያው ማሽን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። 11 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ አካባቢ ማታ ማታ ጆሮዬን ጭው ይለኝ ነበር፣ አሁን ግን ለመድኩት፣ ምንም አይለኝም። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ቀንስ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። በቀደም ደግሞ «ልጁ ብስክሌቱን ለጓደኛው ሰጠው» ስትለኝ «ሸጠው» ያለች መስሎኝ ልጁን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት። ድምፅ ይሰማኛል እኮ! ሰው የሚለው ነው የማይገባኝ። ይሄ የጆሮ ነው ወይስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ እየሆነ ነው? (ከእንጨት ሠራተኛው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ የትም አልሄደም። የጆሮ ነው።

ይኸውልህ፣ የውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች፣ አተር የምታህል አንዲት ክፍል አለች። ፈሳሽ ሞልቷታል። እዚያ ውስጥ አናታቸው ላይ ጸጉር የመሰለ ነገር ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል፣ በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ። አንድ ዓይን ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት ከ100 ሚሊዮን በላይ አሉት፤ ጆሮ ያለው ይህችኑ ነው። ድምፅ ሲገባ ፈሳሹ ይናወጣል፣ ጸጉሮቹ ይታጠፋሉ፣ መታጠፋቸው የነርቭ መልእክት ሆኖ ወደ አንጎል ይሄዳል። ጩኸቱ ሲከብድና ሲረዝም ሕዋሱ ይደክማል፣ ድካሙ ሲደጋገም ይሞታል። የሞተው አይተካም። ወፎች ይተካላቸዋል፣ ለእኛ ግን አልተሰጠንም።

መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው፣ በተለይ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያሉት (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል)። ወፍራም ድምፅ የሚቀበሉት ከጥቅልሉ መጨረሻ፣ ጥልቅ ውስጥ ስላሉ ቆይተው ነው የሚነኩት። «ድምፅ ይሰማኛል፣ የሚባለው ነው የማይገባኝ» የምትለው ለዚህ ነው። ሰው ሲያወራ ጉልበት ያላቸው አናባቢዎቹ ናቸው፣ አ እና ኦ ወፈር ብለው ይደርሱሃል። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ ግን ቀጫጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሰጠ እና ሸጠ የሚለያዩት መጀመሪያ ላይ ባለችው ፉጨት ብቻ ነው። ሰራ እና ፈራም እንደዚያው። ባለቤትህ ድምጿን ከፍ ብታደርግም የሚጎላልህ አናባቢው ነው፣ ያችን ፉጨት አትመልስልህም። ስለዚህ እባክህ ልጁን ጥራውና ንገረው፣ ጆሮዬ ነው ያጠፋው በለው።

እንዳንተ ያለ ሰው ስመረምር የማየውን ልንገርህ። ሰውየው ድምፅ የማያስገባው ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ ይቀመጣል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ወፍራሙን እልክለታለሁ፣ ወዲያው ይጫናል። ትንሽ ቀጠን አደርገዋለሁ፣ ይጫናል። 4,000 ላይ ስደርስ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀጥ ይላል። እጨምራለሁ። ጣቱ አይንቀሳቀስም። ደግሜ እጨምራለሁ። እሱ በመስታወቱ በኩል ቀና ብሎ ያየኛል፣ ምርመራው ያለቀ መስሎት። ይህን ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም፣ አሁንም ግን ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

እና «ለመድኩት» የሚለው ነገር። የእጅ መዳፍ ሥራ ሲበዛበት ይጠነክራል። ጆሮ እንደ መዳፍ አይጠነክርም። ጩኸት የማይረብሽህ ሲሆን ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አንጎልህ ችላ ማለትን ተምሯል፣ ወይ ደግሞ ጆሮህ እንደ በፊቱ እያደረሰለት አይደለም። በመጀመሪያውም ቢሆን ጉዳቱ አልቆመም፣ አንተን ማስጠንቀቁ ነው የቆመው። ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስልህ። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ ሰዎች ጆሯቸው እንደሚደነቁር ጽፎ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነገር ስላለው። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው፣ ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ አይደመርም። 3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ 10 ሲጨምር አሥር እጥፍ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ያስቀመጠው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ እየተገመሰ ይሄዳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ያንተ ዓይነት ማሽኖች ብዙውን ጊዜ 95ን ያልፋሉ። እንግዲህ አስበው፣ የቀኑን ድርሻህን ጠዋት ገና ሥራ እንደጀመርክ ጨርሰኸዋል ማለት ነው። መለኪያ ከሌለህ በክንድ ርቀት ያለን ሰው ለማናገር ድምፅህን ከፍ ማድረግ ካስፈለገህ 85 ደርሰሃል ብለህ ያዘው።

ምን ታድርግ? ከነገ ጀምሮ መከላከያ። ስፖንጁ የጆሮ መድፈኛ ርካሽና ጥሩ ነገር ነው፣ ችግሩ አብዛኛው ሰው አገባቡን አያውቅም። እጅህን ታጠብ። መድፈኛውን በጣቶችህ እያሽከረከርክ እንደ ቀጭን እርሳስ አድርገው። በሌላኛው እጅህ ከጭንቅላትህ ዞረህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርግ፣ ያኔ ቀዳዳው ይቃናል፣ መድፈኛውን ወደ ውስጥ ግፋውና እስኪያብጥ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣትህ ያዘው። በትክክል ከገባ የራስህ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆነህ የምታወራ ዓይነት ይሆንብሃል። ውጭ ተንጠልጥሎ ከታየ አልገባም፣ አውጣና ድገመው። እንደ ሄድፎን ከላይ የሚደፋው መሸፈኛም ጥሩ ነው፤ መነጽር ካለህ ግን እጀታው ክፍተት እንዳይፈጥርበት ተጠንቀቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርህ። ማሽኑ እየሠራ አታውልቀው። «ለአንድ አፍታ ነው» የሚባለው አፍታ ነው ጉድ የሚሠራው። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መሸፈኛ ይዘህ ከ8 ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ብታወልቀው፣ ሲሰላ በቀኑ መጨረሻ የተረፈህ ጥበቃ 12 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሙሉ ያደረግኸው በግማሽ ሰዓት ይባክናል። ማውራት ካስፈለገህ ከማሽኑ ራቅ ብለህ ሂድና አውራ።

እና ተመርመር። የጠፋውን አልመልስልህም፣ የቀረህን ማወቅ ግን ትችላለህ። ገና ብዙ ነው የቀረህ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ 20 ዓመቴ ነው። ኤርፎን ከጆሮዬ አይወጣም። መንገድ ላይ፣ ሳጠና፣ አንዳንዴም አድርጌው ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ስልኬ ድምፁ ከፍ ብሏል እያለ ያስጠነቅቀኛል፣ እኔ ደግሞ ሳላነበው እሺ የሚለውን እጫነዋለሁ። እውነት ይሄን ያህል ይጎዳል? ጆሮ ውስጥ የሚገባው ነው የሚብሰው ወይስ ትልቁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ማስጠንቀቂያ ከዛሬ ጀምሮ አንብቢው። ለማስፈራራት አይደለም የተጻፈው።

ሂሳቡ ለወንድማችን እንደነገርኩት ነው፤ ከፍታ እና ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት ለማዳመጫ ያስቀመጠው የሳምንት ልክ 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው። 90 ላይ ስታደርሺው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ትሆናለች። 100 ላይ ለሳምንቱ ያለሽ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። ብዙ ስልኮች ቮሊዩማቸው ጥግ ሲደርስ በኤርፎን 100ን ያልፋሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ ከፈለግሽ ማዳመጥ ትችያለሽ፣ ቀንሰሽ። ብዙ መስማት የሚፈልግ ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰማው።

ውስጥ የሚገባው ወይስ ትልቁ ላልሽው፣ ታምቡርሽ ጋ የሚደርሰው ድምፅ ነው ቁም ነገሩ፣ የዕቃው ቅርጽ አይደለም። ግን አንድ ልዩነት አለ። ጆሮሽን በደንብ የማይደፍን ኤርፎን የመንገዱን ጩኸት ያስገባል፣ አንቺ ደግሞ ሳታውቂው ዘፈኑን ከመንገዱ በላይ ታስጮኺዋለሽ። መኪና ውስጥ ሆነሽ ያስተካከልሽውን ቮሊዩም ሳትነኪ ቤት ገብተሽ ጸጥታ ውስጥ ክፈቺው እስቲ። ትደነግጫለሽ። ያ ነው መንገድ ላይ ሙሉውን ጊዜ ጆሮሽ ውስጥ የነበረው። በደንብ የሚገጥም ወይም የውጭ ጩኸት የሚሰርዝ ማዳመጫ ከተገኘ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ጩኸቱ ሲቀንስ አንቺም ትቀንሻለሽ። (ጩኸት ሰራዡን ግን ማሽን ቤት እንደ መከላከያ አትጠቀሙበት፣ ለዚያ አልተሠራም። መንገድ ስትሻገሪም አውልቂው።)

የምመክርሽ ይኸው ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ሆነሽ ቮሊዩሙን 60 በመቶ አካባቢ አድርጊውና እዚያ ልመጂ፤ ልማድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስልክሽ ቅንብር ውስጥ ከፍተኛውን ድምፅ የሚገድብ ቦታ አለ፣ ገድቢው። አንዳንድ ስልኮች የሳምንቱን ድምር እንኳ ቆጥረው ያሳዩሻል። ስትተኚ ደግሞ የማጥፊያ ሰዓት ሙይለት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮሽ ሥራ ላይ አይደር። ማታ የማረፊያ ሰዓቱ ናት።

ጥያቄ፦ የዘመድ ሰርግ ላይ ስፒከሩ ስር ነበር ያስቀመጡን። ስወጣ ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ፣ ጲ... የሚል ድምፅም ነበረው። ሁለት ቀን ቆይቶ ለቀቀኝ። ከለቀቀኝ ደህና ነኝ ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ ለቀቀህ፣ እሰየው። ደህና ነህ ብዬ ግን ልሸኝህ አልችልም።

ያ መደፈንና ያ ጲ የሚለው ድምፅ ሕዋሳቱ ከአቅማቸው በላይ እንደሠሩ የሚነግርህ ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። ለረጅም ዘመን ባለሙያዎቹም እንዳንተው ነበር የምናስበው፣ ከተመለሰ ምንም አልተጎዳም ብለን። እ.ኤ.አ. በ2009 ሻሮን ኩጃዋ እና ቻርልስ ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ያዩት ነገር ይህን አናጋው። አይጦቹ ለሁለት ሰዓት ጩኸት እንዲሰሙ ተደረገ፣ የመስማት ልካቸው ከቀናት በኋላ ተመለሰ፣ ጸጉራም ሕዋሳቱም በቦታቸው ነበሩ። ሕዋሳቱን ከነርቩ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ግን ብዙዎቹ ጠፍተው ተገኙ፣ አልተመለሱም። አይጥ ሰው አይደለም፣ እሺ። ግን እኔ ከዚያ ወዲህ «ተመለሰልኝ» የሚለኝን ሰው በድሮው ዓይን አላየውም።

ሰርግ አትሂድ አልልህም። ስፒከር ስር አትቀመጥ ነው የምልህ። ሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለህ ርቀት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይወርዳል፣ 6 ዴሲቤል ማለት ደግሞ ቅድም ባልነው ሂሳብ መቆየት የምትችልበት ሰዓት አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ያን ያህል አያወርድልህም፣ ቢሆንም ወንበርህን አንስተህ ወደ ኋላ መሄድህ ከየትኛውም ዕቃ በላይ ይጠቅምሃል። በመሃል በመሃል ወደ ውጭ ወጣ እያልክ ጆሮህን አሳርፈው። ኪስህ ውስጥ ሁለት መድፈኛ ይኑር። ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበት ዓይነትም አለ፣ ድምፁን ሳያበላሽ እኩል የሚያወርድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ባወጣው መመሪያ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያ ቦታም እንዲኖር ይላል። ደጋሽ ከሆናችሁ እባካችሁ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ስፒከሩ ስር አታስቀምጡብን።

እዚህ ላይ ለሁላችሁም አንድ አስቸኳይ ነገር። ጲ የሚለው ከቀናት በኋላም ካልለቀቃችሁ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ። ደግሞ ያለ ምንም ጩኸት፣ ጠዋት ስትነሱ ወይም በድንገት አንድ ጆሯችሁ መስማት ቢያቆም፣ «ቆሻሻ ይሆናል፣ ይለቀኛል» ብላችሁ አትቀመጡ። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለዚህ የሚሰጥ ሕክምና አለ፣ ቀኑ እያለፈ ሲሄድ ግን መጥቀሙ ይቀንሳል። ሳምንታት አስቆጥሮ የመጣ ሰው ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የምሠራበት ፋብሪካ ይጮሃል፣ እኔ መድፈኛ አደርጋለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውስ? ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፣ የሚዘፍን መጫወቻ አላት፣ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነው የምትሰማው።

መልስ፦ እናቴ፣ ጥሩ አስበሻል። መድፈኛው የሚጠብቀው የአንቺን ጆሮ ብቻ ነው። ሆድሽ ውስጥ ያለው ልጅ በዚህ ጊዜ መስማት ጀምሯል። ሰውነትሽ ቀጭኑን ድምፅ ብዙውን ያስቀርለታል፣ ወፍራሙን፣ ያንን ጉምጉም የሚለውን ግን በቀላሉ ያሳልፋል። ናዮሽ ነፍሰ ጡር ሴት 115 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ካለበት ቦታ እንድትርቅ ይመክራል፣ ከሚንቀጠቀጥ ማሽን ጋር መደገፍም የለባትም። እኔ ደግሞ እዚያ እስኪደርስ አትጠብቂ እላለሁ። የቀሩሽ ወራት ጥቂት ናቸው፤ ጸጥ ወዳለው ክፍል ለጊዜው እንዲያዛውሩሽ ጠይቂ፣ ሐኪምሽም ወረቀት ይጻፍልሽ።

መጫወቻውን በተመለከተ፣ የልጅ ክንድ አጭር ነው፤ አንቺ ክንድሽን ዘርግተሽ የምትሰሚው ድምፅ እሷ ጆሮ ላይ ሲለጠፍ ሌላ ነገር ነው። ቀላል መላ አለው። የሚጮህበትን ቀዳዳ በወፍራም ፕላስተር ለጥፊው፣ ድምፁ ወዲያው ይወርዳል፣ እሷም አትቀየምሽም። ለትንንሽ ልጆች ጆሮ ውስጥ የሚገባ መድፈኛ አይሰጥም፣ አውጥተው ይውጡታልና። ጩኸት ያለበት ቦታ መውሰድ ግድ ከሆነ ከላይ የሚደፋው የልጆች መሸፈኛ ነው የሚሆነው። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው የሚከፈተው ሹ የሚል ድምፅም ከአልጋው ራቅ ይበል፣ ዝቅ ይበል፣ ሲተኙ ይጠፋ።

ጥያቄ፦ መድፈኛ ከሌለኝ ጥጥ ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጥጥ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ የሚሰጥህ «ተከላክያለሁ» የሚል ስሜት ግን ትልቅ ነው፣ ተማምነህም ብዙ ትቆያለህ። ምንም ከሌለህ ሁለቱን ጣቶችህን ጆሮህ ላይ ደፍነህ ሽሽ፣ ከጥጥ ይሻላል። የጥጥ እንጨትም ጆሮ ውስጥ አታስገቡ፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው።

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክል ነው የምነዳው፣ ሥራዬም እሱ ነው። ሄልሜት ስላለኝ ጆሮዬ ተሸፍኗል። ጓደኛዬ መድፈኛ ያደርጋል፣ እኔ ግን ክላክስ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

መልስ፦ ሄልሜት ጭንቅላትህን ያተርፍልሃል፣ ጆሮህን ግን ከጩኸት አያድነውም። የሚጎዳህ ሞተሩ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ፍጥነትህ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሄልሜቱ ስር የሚፏጨው ነፋስ ብቻውን ወደ 95 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ክላክሱን የሚሸፍንብህም ይኸው ነፋስ ነው። በልኩ የሚቀንስ መድፈኛ ስታደርግ ነፋሱም ክላክሱም እኩል ይወርዳሉ፣ ክላክሱ ግን ጎላ ብሎ ይለያል፣ ጆሮህም አይደክምም። በጣም የሚደፍነውን አትምረጥ፣ መካከለኛውን። የትራፊክ ደንቡ ምን እንደሚልም አረጋግጥ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ዝግ ብለህ መንደር ለመንደር ስትሄድ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 70 ነው። ወጣት ሳለሁ ብረታ ብረት ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ሰው በተሰበሰበበት ማውራት አቃተኝ፣ ዝም ብዬ ራሴን እየነቀነቅሁ እውላለሁ። ልጆቼ መስሚያ አድርግ ይሉኛል። ሰዎች ደግሞ ጆሮ ያሰንፋል ይላሉ። ለመሆኑ መድኃኒት የለውም?

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ያ ራስ መነቀነቅ ነው የነካኝ። ብዙ አባቶችና እናቶች እንደዚያ እያደረጉ ከጨዋታው ቀስ በቀስ ሲወጡ አያለሁ።

በጩኸትና በዕድሜ የሄደውን የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። እንመልሳለን የሚል ጠብታ የሚሸጥልዎት ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። ነገር ግን መጀመሪያ ይታዩ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ የሚስተካከል ነው፤ የደረቀ የጆሮ ኩክ ሊሆን ይችላል፣ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ጆሮ ይነካሉ፤ ሐኪሙን ሳያማክሩ ግን በራስዎ አያቁሙ።

መስሚያ ጆሮ አያሰንፍም። የሚያሰንፈው አለመስማት ነው። አንጎል ለዓመታት ሳይደርሰው የቆየውን ድምፅ መለየት ይረሳል፣ ለዚያ ነው ዘግይቶ የሚያደርግ ሰው «ይጮሃል እንጂ አይገባኝም» ብሎ ሳጥን ውስጥ የሚከተው። እርስዎ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር ሲያወሩ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ያድርጉት። የማብሰያ ዕቃው ይንኳኳብዎታል፣ ወረቀቱ ይንሿሿብዎታል። ይህ እንግዳ ነገር ጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ ወደ ብዙ ሰው ይሂዱ። ደግሞ የላንሴት ኮሚሽን የሚባለው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ላይ፣ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ልናስተካክላቸው ከምንችላቸው ነገሮች መካከል የመስማት ችግርን አስፍሮታል። ስለዚህ ልጆችዎ ቢጨቀጭቁዎት እውነታቸውን ነው።

ልጆቹም ይህን ካነበባችሁ፣ ከሌላ ክፍል አትጥሯቸው። ፊት ለፊት ሁኑ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ሳትጮሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። «ተወው፣ ምንም አይደለም» አትበሏቸው። ያቺ ቃል ታሳምማለች።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ያለው ጄነሬተር ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ጆሮዬን ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ ግድግዳ አልፎ የሚመጣው ድምፅ ጆሮ ለመጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። እንቅልፍህን ግን ይጎዳል፣ እሱ በኩል ደግሞ የደም ግፊትህንና ልብህን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት ድምፅ ከቤት ውጭ ሲለካ ከ40 ዴሲቤል እንዳያልፍ ነው ያለው። ጎረቤትህን በቀን፣ ሁለታችሁም ሳትናደዱ አናግረው። ጄነሬተሩ ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ፣ የጭሱን መውጫ ከመስኮትህ ማዞር፣ ትንሽ ማራቅ ለውጥ አላቸው። አንተም መኝታህን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዙር። ውስጥ ብታስገባው ይሻላል የሚል ካለ በፍጹም! ጭሱ ይገድላል።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ብየዳና ግራይንደር ቤት ሥራ ለመልመድ ከገባሁ አራት ወሬ ነው። መሸፈኛ ይዤ ብሄድ ልጆቹ ሳቁብኝ። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን «ተወው ባክህ፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። አሁን ሳላደርግ ነው የምሠራው። ማታ ጆሮዬ ይጮሃል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን መጨረሻ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው የእንጨት ሠራተኛ የዛሬ 11 ዓመት አንተን ነበር። ማታ ጆሮው ጭው ይለው ነበር። ከዚያ ለመደው።

የአንተ ገና አራት ወር ነው። ጆሮህ ማታ መጮኹ ራሱ ገና እየተናገረ ነው ማለት ነው፣ ስማው። ነገ መሸፈኛውን አድርግና ሥራህን ሥራ። አትከራከር፣ አታስረዳ። ልጆች ለሦስት ቀን ይስቃሉ፣ በአራተኛው የሚስቁበት ሌላ ነገር ያገኛሉ። ግራይንደር ብረት ላይ ሲያርፍ 100 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ያ ማለት 15 ደቂቃ ነው፣ ቁጥሩን ከላይ አይተኸዋል።

አለቃህን ደግሞ በሌላ በኩል ግባበት። ጥሩ ሰው ነው ብለሃል፣ ስለዚህ ይሰማሃል። ጩኸት ብዙ ጊዜ የማሽን ሕመም ነው። ያለቀ ዲስክ፣ የላላ ብሎን፣ ቅባት ያጣ ቦታ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሚንቀጠቀጥ ላሜራ፣ ሁሉም ይጮሃሉ። ላሜራውን በደንብ እሰረው፣ ሥሩ ጎማ ወይም እንጨት አድርግበት፣ ጩኸቱ ሲቀንስ ራሱ ይሰማዋል። ዕቃ ቶሎ እንዳያልቅ ነው ብትለው ደስ ብሎት ነው የሚፈቅድልህ። ግራይንደሩን ከብየዳው ራቅ አድርጎ ጥግ ላይ ማስቀመጥም አንዱ ሲሠራ አምስቱ እንዳይሰሙ ያደርጋል።

ሌላም ልጠይቅህ። አለቃህ ስልክ ሲያናግር በየትኛው ጆሮው ነው የሚይዘው? ደጋግመህ ስታናግረው «እ?» ይልሃል? ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል? እስቲ በዚህ ሳምንት ልብ ብለህ እየው። ከሆነ፣ መድፈኛ ስትገዛ ሁለት ጥንድ ግዛ፣ አንዱን ጠዋት ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ አስቀምጥለት፣ አገባቡንም በእጅህ አሳየው፣ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ 30 ሰከንድ ያዝ። የሆነውን ጻፍልኝ።